የፊታውራሪ ሁለተኛ ዓይን

ለወህኒ የሚያበቃ ጥፋት ብዙ ዓይነት ነው። ሰው ይሰርቃል፣ ይማታል፣ ድንበር ይገፋል። እኔ ግን ወህኒ ከመውረድ ለጥቂት የተረፍኩት የአንድ ፊታውራሪ ግራ ዓይን አጉድለሃል ተብዬ ነው። አላጠፋሁትም፤ በጣቴም አልነካሁትም። ሳልሥለው ቀረሁ፣ ወንጀሌ ይኸው ነው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ ማብቂያ ገደማ አንኮበር ላይ ነው። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ እዚያው መምህር ሆኛለሁ። አንድ ክረምት አዲስ አበባ ተልኬ ከአንድ የውጭ አገር ሰው ዘንድ በአስተርጓሚ ተማርኩና ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ይዤ ተመለስኩ። ሽፋኑ ላይ በትልልቁ «የሥዕል፣ የሙዚቃ፣ የውዝዋዜና የቴአትር መሠረታዊ ሐሳቦች ለመምህራን» የሚል ጽፌበታለሁ። በዚያ ደብተር ውስጥ የሌለ ነገር በዓለም ላይም የለም ብዬ አምን ነበር። መስመር ምንድን ነው ቢሉኝ ገጽ ሦስት፣ ዜማ ምንድን ነው ቢሉኝ ገጽ አሥራ አንድ ነው። እናቴ ወጡ ጨው አንሶታል ወይ ብላ ስትጠይቀኝ እንኳ እጄ ወደ ደብተሩ ይሄድ እንደነበር ታናሽ እህቴ እስከ ዛሬ ታወራለች።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔንም አወቅህ አወቅህ አሉኝና አንኮበር ያሉትን መምህራን ሦስት ቀን እንዳሠለጥን ላኩኝ። በሦስተኛው ቀን ፈተና አለ። ፈተናውን ያላለፈ መምህር ለሚቀጥለው ዓመት ክፍል አይሰጠውም የሚል ትእዛዝም ይዣለሁ። እስቲ አስቡት፤ ገና ጢሙን በቅጡ መላጨት ያልለመደ ልጅ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው እንጀራ በቀይ እስክሪብቶው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ። ይህን ሥልጣን ማን እንደሰጠኝ ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል።

መኪናው እስከሚደርስበት በመኪና፣ የቀረውን በበቅሎ ሄጄ እሑድ ማታ ጉም ለጉም አንኮበር ገባሁ። የተቀበለኝ ዲሬክተሩ አቶ ኃይሉ ነው። አቶ ኃይሉ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የሚስማማ ሰው ነበር። እግረ መንገዱን አንድ ነገር ለመነኝ። ሐሙስ የወላጆች ቀን ነው። የትምህርት ቤቱን መሬት የሰጡት ፊታውራሪ ዘለቀ ይመጣሉ፤ በዚያ አገር እስከ ቆላው ድረስ የሳቸውን መሬት የማያርስ ጭሰኛ ጥቂት ነው። ለሁለት ክፍል ጣሪያ የሚሆን ቆርቆሮ እሰጣለሁ ብለዋልና ውለታ ለመመለስ መልካቸው ተሥሎ ቢበረከትላቸው ምን ይመስልሃል አለኝ። ሥዕል ትችላለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ከሠልጣኞቹ መካከል የማልረሳው መሪጌታ ክንፉን ነው። ግብረ ገብና አማርኛ ያስተምራሉ። ስድሳ ዓመት የተሻገሩ፣ ነጭ የጠመጠሙ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው አገጫቸውን የሚያስደግፉ ሰው ናቸው። ሰኞ ጠዋት ጥቁር ሰሌዳው ላይ አምስት ቀጥ ያሉ መስመሮች አሰመርኩና በላያቸው ክብ ክብ ነጠብጣብ አስቀመጥኩ። «በአገራችን ዜማን በጽሑፍ የማስቀመጥ ልማድ ስለሌለ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ እንማራለን» አልኩ። መምህራኑ በሙሉ ዞረው መሪጌታን አዩዋቸው። መሪጌታ ሰሌዳውን ረጋ ብለው አዩት።

«መምህር፣ ይህ የስልክ ሽቦ ነው» አሉ። «ወፎቹ የተነሡ እንደሆነ ምን ይዘመራል?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቀልድ በፕሮግራሙ ውስጥ የለም ብዬ ወደ ገጽ አሥራ ሁለት አለፍኩ።

ማክሰኞ የውዝዋዜና የቴአትር ቀን ነበር። ውዝዋዜ ማለት ሰውነት በቦታ፣ በጊዜና በኃይል የሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው ብዬ አስጻፍኩና መምህራኑን አሰልፌ «ነፋስ ሁኑ» አልኳቸው። የሚስት፣ የልጅ፣ የመሬት ሙግት ያለባቸው ሰዎች ክንዳቸውን እያወዛወዙ ነፋስ ሆኑ። መሪጌታን መቋሚያዎን ያስቀምጡ፣ በመሠረታዊ እንቅስቃሴ ጊዜ ዕቃ መያዝ አይፈቀድም አልኳቸው። መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ሰዓቱ እስኪያልቅ ሳይነቃነቁ ቆሙ። እኔም ስማቸው ትይዩ «የእንቅስቃሴ ችሎታ፦ ደካማ» ብዬ ጻፍኩ። ይህን የጻፍኩት ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሕሌት ቆመው ሲወርቡና ሲያሸበሽቡ ስለኖሩ ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሥዕል ነበር። የሰው መልክ ለመሣል ለጀማሪ የሚቀለው ፊትን ከጎን ማየት እንደሆነ አስረዳሁ። ግንባር፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አገጭ፤ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አለቀ። መሪጌታ እጃቸውን አነሡ።

«መምህር፣ በጎን ስለሚሣል ሰው አንድ ነገር ልናገር ነበር።»

ጥያቄ በመጨረሻ ነው አልኳቸው። በመጨረሻ ደግሞ ደወል ተደወለ።

በእነዚህ ሁለት ቀናት ማታ ማታ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ፊታውራሪ ግቢ እየሄድኩ እሥላቸዋለሁ። አቡጀዲውን ያገኘሁት ከአሊዩ አምባ ጨርቅ እያወጡ ከሚሸጡት ከአቶ ሰይድ ነው። በእንጨት ወጠርኩት፣ ቀለሜን በጠበጥኩ። ፊታውራሪን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ወደ እርሻዎ ይመልከቱ አልኳቸው። ከዚያ የተሻለ ትእዛዝ ሰጥቻቸው አላውቅም፤ መሬታቸውን እያዩ ሳይሰለቹ ይቀመጣሉ። አፍንጫቸው ለጎን ሥዕል የተፈጠረ ነው። ሥዕሉን ያየ ሰው የለም፤ አርቲስት ሥራውን ሳይጨርስ አያሳይም የሚል ገጽ አምስት ላይ አለ። እሳቸውም አላዩትም፤ እኔ ግን እያየሁ ሰው መሰሉልኝ ብዬ ተደሰትኩ። እውነቱን ለመናገር መስለው ነበር።

ረቡዕ ፈተና ሰጠሁ። ዐሥር ጥያቄ ነው። መልሱ ከደብተሬ ጋር ቃል በቃል የገጠመውን ራይት፣ ያልገጠመውን ኤክስ እያደረግሁ በአንድ ሰዓት አረምኩ። መሪጌታ ክንፉ ከዐሥር ሦስት አገኙ። «አላለፉም» ከሚለው ሥር ብቻቸውን ጻፍኳቸውና ዝርዝሩን ከነፈተናው ወረቀት ለአቶ ኃይሉ ሰጠሁ። አቶ ኃይሉ ስማቸውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ከዚያ ልማዱ ነውና ተስማማ።

ሐሙስ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ግቢ በሰው ሞላ። ፊታውራሪ ከፊት፣ ካህናትና ሽማግሌዎች አጠገባቸው፣ መምህራን በስተግራ ተቀመጡ። የሳቸው ጭሰኞች አጥር ጥግ ቆመዋል። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። አቶ ኃይሉ ሥዕሉን የሸፈነበትን ነጠላ ገፈፈው።

አንዲት አሮጊት አማተቡ። ከዚያ አጠገባቸው ያሉት አማተቡ። ማማተቡ እስከ አጥሩ ድረስ ተዳረሰ። እኔ እኮ አድናቆት መስሎኝ እጅ ነሣሁ። ጭሰኞቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ልባቸው ተነክቶ የሚያለቅሱ መሰለኝ።

«በስመ ሥላሴ» አሉ አሮጊቷ። «ምነው አንድ ዓይን ብቻ?»

አሁን አንባቢዬ፣ አንተ ቤተ ክርስቲያን ገብተህ አታውቅም ወይ ልትለኝ ነው። ከተወለድኩ ጀምሮ እሑድ ቀርቼ አላውቅም። ቅዱሳኑ ሁሉ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ጌታን የሚገርፉት፣ ይሁዳና ርኩሳን መናፍስት ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ሲሣሉ እያየሁ ነው ያደግሁት። አዲስ አበባ ተምሬ ከመጣሁ በኋላ ግን ይህን አስቤ ፈገግ ብያለሁ። አገር ቤት ያሉት ሠዓሊዎች ሁለተኛውን ዓይን መሣል ስላቃታቸው ነበር የመሰለኝ።

ፊታውራሪ ከወንበራቸው ተነሡ። ወደ ሥዕሉ ቀረቡና አዩት። ከዚያ ዞረው የአቡጀዲውን ጀርባ አዩ። ተመልሰው እፊቴ ቆሙ።

«ሌላው ዓይኔስ?»

«በወዲያ በኩል ነው፣ ፊታውራሪ።»

«በወዲያ በኩል አየሁ፤ የለም።»

ደብተሬን አውጥቼ ስለ ጎን ሥዕል የሚለውን ገጽ ፈለግሁ። ገጹ ጠፋኝ። ፊታውራሪ ድምፃቸውን ሳያነሡ ተናገሩ።

«በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ እኔም፣ ይኼ ቆሞ የሚስቀው ሁሉም ያውቃል። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ዓይኔን አምጣ። ካላመጣህ በመጣህበት በቅሎ ታስረህ ደብረ ብርሃን ትገባለህ፤ ማስተማሩንም ሌላ ቦታ ትፈልጋለህ።»

ሲሄዱ ሰዉም ተከትሏቸው ሄደ። ቀጥሎ ሊታይ የነበረው ቴአትር ቀረ፤ ማንም አልጠየቀም፤ ከዚህ የበለጠ ቴአትር ከየት ይመጣል። ደብተሬ ድራማ መነሻ፣ ግጭትና ጡዘት አለው ይላል። ደራሲው ራሱ መሐል ላይ ሊታሰር እንደሚችል ግን የጻፈው ነገር የለም።

አቶ ኃይሉ ቁርጠት ያዘኝ ብሎ ቤቱ ገባ። ሲያልፉ ትከሻዬን የነኩኝ አቶ ሰይድ ብቻ ናቸው።

«ወላሂ መምህር፣ በእኛ ዘንድ የሰው መልክ መሣል አይፈቀድም» አሉኝ። «ልጅ ሆኜ ምክንያቱን ስጠይቅ ነበር። ዛሬ ገባኝ።»

ሌላ አቡጀዲ ለመግዛት አሊዩ አምባ ወርዶ መውጣት ቀኑን ይፈጃል፤ ቢገኝም አዲስ ሥዕል እስከ ነገ የሚሥል እጅ የለኝም። ሥዕሉን ባዶ ክፍል አስገባሁና በሩን ዘጋሁ። ምን ላድርግ? በከሰል አንድ ዓይን ጉንጫቸው ላይ ጨመርኩ። ፊታውራሪ ጆሯቸው ሥር ዓይን ያበቀሉ ፍጥረት ሆኑ። በእጅጌዬ ጠረግሁትና ወደ አፍንጫው አስጠጋሁት። ባሰ። እንደገና ጠረግሁት። አልዋሻችሁም፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናቴና እህቴ በእኔ ደመወዝ ነው የሚኖሩት። በቅሎ ላይ ታስሬ ገበያ መሐል ሳልፍ እናቴ ስታየኝ ታየኝ።

በሩ ተንኳኳና መሪጌታ ክንፉ ገቡ። ሥዕሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ የከሰል ጥላሸት የያዘ እጅጌዬን አዩት። ይቅር ይሉኛል የሚል ተስፋ አልነበረኝም፤ ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ደግሞም ዝርዝሩን እንዳዩ ከዓይናቸው ገባኝ።

«አንሣውና ተከተለኝ» አሉ።

ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ናት። ስንገባ ግድግዳው ሥር የተደረደሩ ቀለሞች፣ ብሩሾችና የተጀመረ የመልአክ ሥዕል አየሁ። ስለ ሥዕል ያስተማርኳቸው ሰው ሠዓሊ ናቸው። በአንዱ በኩል አትሮንስ ላይ ትልቅ የብራና መጽሐፍ ተዘርግቷል። ከእያንዳንዱ ቃል በላይ ደቃቅ ፊደላት፣ ጭረቶችና ነጥቦች ተደርድረዋል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ሽቦ የሌላቸው ወፎች ናቸው» አሉኝ። «ዜማው የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚረግድ ይነግሩሃል። አባቶቻችን ጽፈው ያኖሩት ነው። ልማዱ የለም አልክ እንጂ።»

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰኞ ዕለት መምህራኑ ለምን ዞረው እንዳዩዋቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እሳቸው ግን እኔን ለመገሠጽ ጊዜ አልነበራቸውም። አቡጀዲውን ገለበጡት። ጀርባውን በሙጫና በኖራ ቀቡትና እሳት አጠገብ አቆሙት። ሲደርቅ ብሩሽ አነሡ።

ደብተሬ መስመር ማለት የነጥብ ጉዞ ነው ይላል። የመሪጌታ ነጥብ ከግንባር ተነሣ፣ በአገጭ ዞረ፣ ሳያርፍ ተመልሶ ግንባር ገባ። ፊት ሆነ። እየሣሉ በለሆሳስ ያዜማሉ፤ ትከሻቸው ከዜማው ጋር ይወርዳል ይነሣል። ደካማ ብዬ የጻፍኩበት ሰውነት ነው። እኔ ቀለም እየበጠበጥኩ አቀብላለሁ፤ ሲመሽም ሲነጋም ሥራዬ እሱ ብቻ ነበር። ፊታውራሪን ሳያዩ እንዴት ይሥሏቸዋል ብዬ ጠየቅሁ። ከልጅነቴ ጀምሬ አውቃቸዋለሁ፣ ማየት አያስፈልገኝም አሉ። የእሳቸው አባት የፊታውራሪ አባት ጭሰኛ እንደነበሩ፣ አንድ ዓመት እህሉ ሲጠፋ ከነልጆቻቸው ከመሬቱ እንደተነቀሉ በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገሩኝ። ከዚያ ወደ ቅንድቡ ተመለሱ።

እኔ አላስቻለኝም።

«እንዲህ ካደረጓችሁ ታዲያ ለምን ሁለት ዓይን ይሥሉላቸዋል?» አልኩ። «የእኔው ይሻል ነበር ማለት ነው።»

ብሩሻቸውን ከአቡጀዲው አነሡ።

«ልጄ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው የተፈረደበት ነው» አሉኝ። «ሰው በሕይወት እያለ እንዲያ አይሣልም። ነገ ንስሐ የገባ እንደሆነስ? የሁለተኛው ዓይን ቦታ እሱ ነው። አንተ አጉድለሃል የተባልከው ቀለም እንዳይመስልህ።»

ደብተሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ይህን ለመጻፍ እንኳ ላወጣው አፈርኩ።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሥዕሉን ይዘን ግቢው ደረስን። ከትናንቱ የበለጠ ሰው መጥቷል፤ ቆርቆሮ ሲሰጥ ለማየት የሚመጣውን ሕዝብ ሰው ሲታሰር ለማየት ከሚመጣው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ነጠላው ተገፈፈ። ሁለት ትልልቅ፣ ጥቁር፣ ርኅሩኅ ዓይኖች ፊት ለፊት ሕዝቡን አዩ። አፍንጫው የሳቸው አይደለም። አገጩ የሳቸው አይደለም። ዓይኖቹማ ከእሳቸው ዓይን ጋር ተገናኝተው የሚያውቁ አይመስሉም። ጻድቅ ነው የተሣለው።

ፊታውራሪ ረጅም ጊዜ ቆመው አዩት።

«አሁን እኔን መሰልኩ» አሉ።

ሁሉም እውነት ነው አለ። ካህናቱም አሉ፣ ሽማግሌዎቹም አሉ። አቶ ኃይሉ ከሁሉ ቀድሞ አለ፤ ቁርጠቱ ለቆታል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው አሁን አጠገቤ ቆሞ እጄን ይጨብጣል። ጭሰኞቹ ግን ዛሬ አልሳቁም።

ፊታውራሪ ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲህ መሣል ማን አስተማረህ?»

መሪጌታን አየኋቸው። በአንገታቸው ትንሽ አድርገው አይሆንም አሉኝ። ሥዕሉን የሣልኩት እኔ እንዳልሆንኩ ከታወቀ በቅሎዋ እዚያው ቆማለች። ወንድ ብሆን እውነቱን እናገር ነበር።

«እዚሁ አንኮበር ነው የተማርኩት» አልኩ።

ፊታውራሪ ሳቁና በሦስት ቀን ይህን ያህል ከተማርክ ዓመት ብትቀመጥ ምን ልትሆን ነው አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። የተናገርኩት ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም፤ የሰውዬውን ስም ደብቄ ያወጣሁት፣ በጎን የተሣለ አንድ ዓይን ያለው እውነት ነው። ያን ጭብጨባ ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴን ያቃጥለኛል።

ፊታውራሪ ሰው ሁሉ እንዲያየው እዚሁ ይሰቀል ስላሉ፣ ሥዕሉ በዲሬክተሩ ቢሮ ሲሰቀል መሪጌታን የረዳኋቸው እኔ ነኝ። ቀስ ብዬ፣ የእኔውስ ከጀርባው እንደተሣለ አይደለም ወይ፣ እናጥፋው አልኳቸው።

«ተወው» አሉ። «ሁለቱም እሳቸው ናቸው። አንዱ ለእንግዳ፣ አንዱ ለግድግዳ።»

ሲወጡ ሮጬ አቶ ኃይሉ ዘንድ ሄድኩና የፈተናውን ወረቀት መልስልኝ አልኩ። የመሪጌታን አወጣሁ። ያን ወረቀት እኔ አርሜዋለሁ እንጂ አላነበብኩትም ነበር። ሰባተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ የሰውን ፊት ከጎን መሣል ምን ያሳያል? ትክክለኛው መልስ፣ በደብተሬ መሠረት፣ «የአፍንጫንና የአገጭን ቅርፅ» ነው። መሪጌታ በዚያ ውብ እጅ ጽሑፋቸው የጻፉት «ፍርድን» የሚል ነው። በላዩ ላይ የእኔ ቀይ ኤክስ ተጋድሟል።

በቃል ሊነግሩኝ ሞከሩ፣ ጥያቄ በመጨረሻ ነው አልኳቸው። በጽሑፍ ነገሩኝ፣ ኤክስ አደረግሁባቸው። እኔን ለማስተማር ከዚህ በላይ አንድ ሰው ምን ያድርግ? ዝርዝሩን ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ። መሪጌታ ክንፉ፦ ዐሥር ከዐሥር። አቶ ኃይሉ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ የተሳሳተው አራሚው ነው አልኩት። ተስማማ።

አንባቢዬ፣ ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ። ሰማያዊው ደብተር አልተጣለም፤ ብዙው ነገር ትክክል ነው፤ መስመርም የነጥብ ጉዞ ነው። ግን ማንኛውም አገር ስገባ መጀመሪያ ደብተሬን ዘግቼ እዚህ ሰዉ ምን ብሎ ይዘምራል፣ ምን ብሎ ይሥላል፣ ምኑን ይፈራል ብዬ እጠይቅ ነበር። ጥያቄንም በመጨረሻ አድርጌ አላውቅም። የሠለጠናችሁ ሁሉ፣ ልታሠለጥኑ ስትሄዱ ከፊት ወንበር የተቀመጡትን ሽማግሌ ስማቸውን ሳይሆን የሚያውቁትን ጠይቁ። እኔ የሦስት ቀን አሠልጣኝ ሆኜ ገብቼ የአንድ ቀን ተማሪ ሆኜ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ነው የምነግራችሁ።

የሥዕሉን ነገር ግን አልጨረስኩም።

የመሬት አዋጅ በታወጀ በሁለተኛው ዓመት ለሌላ ሥራ አንኮበር ሄድኩ። መሪጌታ ክንፉ አርፈዋል። ትምህርት ቤቱ ስደርስ ገበሬዎች ተሰብስበው የቢሮውን ግድግዳ እያጸዱ ነው። አንዱ ጎልማሳ ሥዕሉን ከሚስማሩ ላይ ነቀለና ሊጥለው ሲያገላብጠው ጀርባውን አየ። ያ አፍንጫ፣ ያ አገጭ፣ ያ አንድ ዓይን። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አጥር ጥግ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሳቁት ሰዎች ናቸው፤ አሁን አፋቸውን የሚሸፍኑበት ምክንያት የላቸውም።

«አሁን እሳቸውን መሰሉ» አለ ጎልማሳው፣ በአንድ ዓይን በኩል መልሶ ሊሰቅላቸው እያነሣ።

ያን ጊዜ ቀረብኩና ይህን የሣልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ያኛውን ግን መሪጌታ ክንፉ ናቸው የሣሉት፤ እኔ በእሳቸው ሥራ ተጨብጭቦልኛል አልኩ። ዓመታት የዘገየ ቢሆንም እውነቱን ከነሁለት ዓይኑ ተናገርኩ። መሪጌታ ያን ዕለት ብሩሻቸውን አንሥተው ስለ ንስሐ ያሉኝንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሳቁ በረደ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከወንበሩ ተነሣ፤ ከዓመታት በፊት ከፊታውራሪ መሬት ከነቤተሰቡ የተነቀለ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ።

«ሰውዬው በሕይወት አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አሉ፣ ደብረ ብርሃን ታስረዋል አልኩት።

ሽማግሌው ሥዕሉን ከጎልማሳው እጅ ተቀበለ። አንዱን ወገን አየ፣ ገልብጦ ሌላውን አየ። ከዚያ ሁለቱን ዓይኖች ወደ እኛ አዙሮ ሚስማሩ ላይ መልሶ ሰቀላቸው።

«ካገኘሃቸው ይፍጠኑ በልልኝ» አለኝ።